የተሰረቀ ካታሊቲክ ኮንቨርተርን በአሮጌ ተሽከርካሪ ላይ በተመጣጣኝ ወጪ መተካት

በዩናይትድ ስቴትስ፣ በተለይም በዋሽንግተን ዲሲ፣ በሜሪላንድና በሰሜን ቨርጂኒያ የሚኖሩ በርካታ ኢትዮጵያውያንና ትውልደ ኢትዮጵያውያን በታክሲና በስልክ መተግበሪያ በሚሠራ የመጓጓዣ አገልግሎት ይተዳደራሉ። ከእነዚህ አሽከርካሪዎች መካከል ብዙዎቹ ለነዳጅ ቆጣቢነቱ ሲሉ የመረጡት ቶዮታ ፕሪየስ ካለፉት ጥቂት ዓመታት ወዲህ የካታሊቲክ ኮንቨርተር ሌቦች ዋነኛ ዒላማ ከሆኑት ተሽከርካሪዎች አንዱ ነው። ማለዳ ሞተሩ ሲነሳ ከመኪናው ሥር እንደ ከባድ ማሽን የሚያጓራ ድምፅ ከተሰማ ባለንብረቱ የደረሰበትን ለማወቅ ብዙ መመርመር አያስፈልገውም።

ስርቆቱ የሚፈጀው ጊዜ ጥቂት ደቂቃ ብቻ ሲሆን፣ አንዳንዴም ከአንድ ደቂቃ ያነሰ ነው። በአንጻሩ የሚያስከትለው ወጪ በአሮጌ ተሽከርካሪ ላይ የመኪናውን ግማሽ ዋጋ ሊያህል ይችላል። ተሽከርካሪው የዕለት መተዳደሪያ በሆነበት ቤተሰብ ደግሞ መኪናው ቆሞ የሚውልባቸው ቀናት ራሳቸው ኪሳራ ናቸው። በመሆኑም ባለንብረቱ በመጀመሪያዎቹ ቀናት የሚወስዳቸው ውሳኔዎች በመቶዎች፣ አንዳንዴም በሺዎች በሚቆጠር ዶላር ልዩነት ያመጣሉ።

ካታሊቲክ ኮንቨርተር በጭስ ማውጫው መስመር ላይ በሞተሩና በማርሚታው መካከል የሚገኝ ዕቃ ነው። በአገራችን ጋራዦች የጭስ ማውጫውን ክፍል በጠቅላላው ማርሚታ ብሎ መጥራት የተለመደ ቢሆንም ሁለቱ የተለያየ ሥራ አላቸው። ማርሚታው ድምፅን ያፍናል፤ ኮንቨርተሩ ግን ጋዝን ይለውጣል። በብረት ሽፋኑ ውስጥ እንደ ማር እንጀራ በቀጫጭን ቀዳዳዎች የተሞላ ሸክላ መሰል አካል አለ። የቀዳዳዎቹ ግድግዳ ፕላቲነም፣ ፓላዲየምና ሮድየም በተባሉ ውድ ማዕድናት በስሱ ተቀብቷል። ከሞተሩ የሚወጣው የጋለ ጭስ በዚህ ውስጥ ሲያልፍ መርዛማው ካርቦን ሞኖክሳይድ ወደ ካርቦን ዳይኦክሳይድ፣ ያልተቃጠለው ነዳጅ ወደ ውሃ ተንና ካርቦን ዳይኦክሳይድ፣ የናይትሮጅን ኦክሳይዶች ደግሞ ወደ ናይትሮጅን ይለወጣሉ።

መሣሪያው በብዛት አገልግሎት ላይ የዋለው የዩናይትድ ስቴትስ ምክር ቤት እ.ኤ.አ በ1970 የንጹሕ አየር ሕግን ካወጣ በኋላ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ ከ1975 ሞዴል ጀምሮ አብዛኞቹ የአገሪቱ አዳዲስ አውቶሞቢሎች ተገጥሞላቸው ወጥተዋል። እርሳስ የተቀላቀለበት ቤንዚን ማዕድናቱን ሸፍኖ ከጥቅም ውጪ ስለሚያደርጋቸው፣ ከእርሳስ ነፃ የሆነ ቤንዚን መስፋፋትም ከዚሁ ጋር የተያያዘ ነው። ከሰሐራ በታች ያሉ የአፍሪካ አገሮች ኢትዮጵያን ጨምሮ እርሳስ ያለበትን ቤንዚን መጠቀም ያቆሙት እስከ እ.ኤ.አ ጥር 2006 ባለው ጊዜ ነበር።

ሌቦቹን የሚስበው የብረቱ ሽፋን ሳይሆን በውስጡ ያለው ጥቂት ግራም ማዕድን ነው። የሮድየም ዋጋ እ.ኤ.አ በ2021 የጸደይ ወራት በአንድ ወቄት ወደ 29 ሺህ ዶላር ተጠግቶ የነበረ ሲሆን፣ ፓላዲየምም እ.ኤ.አ በመጋቢት 2022 ከ3 ሺህ ዶላር በላይ ደርሶ ነበር። የአገሪቱ የኢንሹራንስ ወንጀል ቢሮ ባወጣው መረጃ መሠረት እ.ኤ.አ በ2018 ለኢንሹራንስ ኩባንያዎች የቀረበው የካታሊቲክ ኮንቨርተር ስርቆት ጥያቄ 1 ሺህ 298 ብቻ ነበር። ይኸው ቁጥር እ.ኤ.አ በ2020 ከ14 ሺህ፣ እ.ኤ.አ በ2022 ደግሞ ከ64 ሺህ በላይ ሆኗል። እነዚህ አኃዞች ኢንሹራንስ የተጠየቀባቸውን ብቻ የሚያሳዩ እንደመሆናቸው፣ የአሮጌ መኪና ባለቤቶች በአብዛኛው ለስርቆት የሚሆን ሽፋን ስለሌላቸው በቁጥሩ ውስጥ አልተካተቱም ማለት ነው። የማዕድናቱ ዋጋ እ.ኤ.አ በ2023 በእጅጉ ካሽቆለቆለ በኋላ ስርቆቱ ቀንሷል፤ አልጠፋም።

ፕሪየስ፣ በተለይም እ.ኤ.አ ከ2004 እስከ 2009 የተሠራው ሞዴል የተመረጠበት ምክንያት አለው። ድቅል ተሽከርካሪ በመሆኑ የነዳጅ ሞተሩ ይነሳል፣ ይጠፋል። ኮንቨርተሩ በየጊዜው እየቀዘቀዘ ሥራውን በብቃት እንዲወጣ አምራቹ የውድ ማዕድን መጠኑን ከፍ አድርጎታል፤ ሞተሩ ዘወትር ስለማይሠራም ማዕድኑ ከሌሎች መኪኖች ባነሰ ፍጥነት ይጎዳል። ከመሬት ከፍ ያሉ ፒክአፖች፣ የቤት መኪና ከሚመስሉት ደግሞ እንደ ሆንዳ ኤለመንት ያሉት የሚሰረቁት በሌላ ምክንያት ነው፤ ሌባው ክሪክ ሳያስፈልገው ከሥራቸው መግባት ይችላል።

ስርቆቱ እንደታወቀ የመጀመሪያው ጥንቃቄ መኪናውን አለማሽከርከር ነው። የተቆረጠው ቱቦ በተሳፋሪው ክፍል ወለል ሥር የጋለ ጭስ የሚተፋ ሲሆን፣ ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የሌለው መርዝ በመሆኑ ወደ ውስጥ ቢገባ አሽከርካሪው ሳያውቀው ሊያዞረው ወይም ራሱን ሊያስተው ይችላል። የተንጠለጠለ የሴንሰር ሽቦ ካለም በጋለ ብረት ላይ ቀልጦ ተጨማሪ ጉዳት ያስከትላል። ስለሆነም በጋሪ መኪና ማስጎተት ተመራጭ ነው፤ አንዳንድ የኢንሹራንስ ውሎች የመጎተቻውን ወጪ ጭምር ይሸፍናሉ።

ቀጥሎ የተቆረጠውን ቦታ ፎቶግራፍ ማንሳትና ለፖሊስ ማመልከት ይገባል። ፖሊስ ዕቃውን ያስመልሳል ተብሎ እምብዛም አይጠበቅም፤ ይሁን እንጂ የማመልከቻው ቁጥር ለኢንሹራንስ ኩባንያውና ለጠጋኙ ጋራዥ አስፈላጊ ማስረጃ ነው። በዋሽንግተን ዲሲ እ.ኤ.አ በ2004 በወጣው የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ መሠረት አማርኛ የከተማው መሥሪያ ቤቶች አገልግሎት ከሚሰጡባቸው ቋንቋዎች አንዱ በመሆኑ፣ ነዋሪው ያለ ክፍያ አስተርጓሚ የመጠየቅ መብት አለው። ይህን መብት ሳያውቁ በእንግሊዝኛ በተሰጠ ያልተሟላ ቃል የተነሳ የሚቸገሩ እንዳይኖሩ ጉዳዩ ለአዲስ ገቢዎች ሊነገር የሚገባ ነው።

የኢንሹራንስ ጉዳይ ለብዙዎች ግራ አጋቢ ነው። ሕጉ የሚያስገድደው የሦስተኛ ወገን ሽፋን ስርቆትን አይመለከትም። ለስርቆት የሚከፍለው ከግጭት ውጪ ለሚደርስ ጉዳት የሚገባው ሽፋን ነው። ሽፋኑ ቢኖርም ባለንብረቱ ከኪሱ የሚያወጣው የመነሻ ክፍያ አለ። ይህ ክፍያ 1 ሺህ ዶላር ከሆነና ጥገናው 900 ዶላር የሚፈጅ ከሆነ ለኩባንያው ማመልከት ምንም ጥቅም የለውም።

በአሮጌ መኪና ላይ ሌላም አደጋ አለ። ጥገናው በአምራቹ ኦሪጅናል ዕቃ ተገምቶ ወጪው ወደ መኪናው የገበያ ዋጋ ከተጠጋ፣ ኩባንያው መኪናውን ከጥቅም ውጪ እንደሆነ ቆጥሮ ዋጋውን ከፍሎ ሊገላገል ይችላል። በጥሩ ሁኔታ ላይ ያለ የ2007 ሞዴል መኪና ያለው ሰው በሚሰጠው ገንዘብ ተመሳሳይ መኪና ላያገኝ ይችላል። መኪናውን አስቀርቶ ልሥራው ቢልም በባለቤትነት ደብተሩ ላይ የሚሰፍረው ምልክት የመሸጫ ዋጋውን ይጥለዋል። ስለዚህ ግምቱ ከመጽደቁ በፊት፣ ሕጋዊ በሆነ የሌላ አምራች ዕቃ ቢሠራ ስንት እንደሚፈጅ የሚያሳይ የጋራዥ ዋጋ ይዞ ከገማቹ ጋር መነጋገር ተገቢ ነው።

ዋናው የወጪ ልዩነት የሚፈጠረው በዕቃው ምርጫ ላይ ነው። በመኪናው አምራች የተሠራው ኦሪጅናል ኮንቨርተር ለዓመታት እንደሚሠራ የሚታመን ቢሆንም ለፕሪየስ ከእጅ ዋጋ ጋር ከ2 ሺህ ዶላር በላይ የሚጠየቅበት ነው፤ ስርቆቱ በተባባሰባቸው ዓመታት ደግሞ ዕቃው ከገበያ ጠፍቶ ባለንብረቶች ለወራት ተራ ጠብቀዋል። በሌሎች አምራቾች የሚሠራው ምትክ በጥቂት መቶ ዶላር ይጀምራል። ከቁርጥራጭ መኪና ላይ የተፈታ ሰልባጅ ኮንቨርተር ርካሽ ቢመስልም በፌደራል ደንብ መሠረት ተፈትሾ ምልክት ያልተደረገበትን አሮጌ ኮንቨርተር መሸጥም ሆነ መግጠም ክልክል ነው። ከዚህም በላይ ከየት እንደመጣ የማይታወቅ ዕቃ የሌላ ሰው መኪና የተዘረፈበት ሊሆን ይችላል።

የፌደራሉ የአካባቢ ጥበቃ ድርጅት መመሪያ ኮንቨርተሩ መጥፋቱን ለምትክ ከሚፈቀዱት ምክንያቶች አንዱ አድርጎ ይቆጥረዋል። ጋራዡ ምክንያቱን የሚገልጽ ጽሑፍ አዘጋጅቶ ከባለንብረቱ ጋር ይፈራረማል፤ ሰነዱንና ደረሰኙንም ለስድስት ወራት ያስቀምጣል። የሚገጠመው አዲስ ዕቃ ለመኪናው ዓይነት የተፈቀደ፣ በቀድሞው ቦታ ላይ የሚቀመጥና ከቀድሞው ጋር ተመሳሳይ ዓይነት መሆን ይኖርበታል። አምራቹም ለብረት አካሉ 5 ዓመት ወይም 50 ሺህ ማይል፣ ለጭስ ማጥራት ብቃቱ ደግሞ 25 ሺህ ማይል ዋስትና ይሰጣል። ይህን ዋስትና በጽሑፍ የማይሰጥ ሻጭ ካጋጠመ ሌላ ሻጭ መፈለግ ይበጃል። ከመኪናው ጋር የመጣው የ8 ዓመት ወይም የ80 ሺህ ማይል የፌደራል ዋስትና ግን ለብልሽት እንጂ ለስርቆት አያገለግልም።

በካሊፎርኒያ ሁኔታው የተለየ ነው። የግዛቱ የአየር ሀብት ቦርድ እ.ኤ.አ ከ2009 ጀምሮ ጠበቅ ያለ መስፈርት በሥራ ላይ ያዋለ ሲሆን፣ ምትኩ ለዚያ ሞዴል፣ ዓመትና ሞተር የተሰጠ የፈቃድ ቁጥር በአካሉ ላይ ተቀርጾ ካልተገኘ ምርመራውን አያልፍም። ሰልባጅ ኮንቨርተር መግጠምም በግዛቱ አይፈቀድም። ኒው ዮርክ፣ ሜይንና ኮሎራዶ በየራሳቸው ዝርዝር ተመሳሳይ መንገድ ተከትለዋል። እነዚህ ዕቃዎች ከፌደራሉ ደረጃ ይልቅ በዋጋ ይወደዳሉ፤ በአንጻሩ በውስጣቸው ያለው ማዕድን ከፍ ያለና ዋስትናቸውም የተሻለ ነው።

መኪናው በየትኛው መስፈርት እንደተሠራ ለማወቅ የሞተሩን ክዳን ከፍቶ በሥሩ የተለጠፈውን የጭስ ቁጥጥር ጽሑፍ ማንበብ በቂ ነው። ጽሑፉ መኪናው ለካሊፎርኒያ፣ ለፌደራል ወይም ለሁለቱም መስፈርት መሠራቱን ይገልጻል። የጽሑፉን ፎቶግራፍና የሻንሲ ቁጥሩን ለሻጩ መላክ የተሳሳተ ዕቃ ገዝቶ የመመለሻ ወጪ ከመክፈል ያድናል። በአንድ ዓመትና በአንድ ስም የተሸጡ ሁለት መኪኖች የተለያየ ኮንቨርተር ሊኖራቸው ስለሚችል በሞዴል ስም ብቻ ማዘዝ አያስተማምንም።

በገበያ ላይ ያለው እጅግ ርካሽ ምትክ ብዙ ጊዜ ርካሽ የሆነው ማዕድኑ ስላነሰ ነው። ኮንቨርተሩ ከፊቱና ከኋላው የኦክስጅን መጠን የሚለኩ ሴንሰሮች አሉ። የፊተኛው ንባብ በየጊዜው ከፍና ዝቅ ይላል፤ ጤናማ ኮንቨርተር ኦክስጅን የመያዝና የመልቀቅ ችሎታ ስላለው የኋለኛው ንባብ የተረጋጋ ይሆናል። ማዕድኑ ሲያንስ የኋለኛውም እንደ ፊተኛው መዋዠቅ ይጀምራል። የመኪናው ኮምፒውተርም ይህን አይቶ የሞተር መብራቱን ያበራል፤ መካኒኮች ፒ0420 በሚል ቁጥር የሚያውቁት ብልሽት ይኸው ነው። በ200 ዶላር የተገዛ ዕቃ ከጥቂት ወራት በኋላ ይህን መብራት ካበራና ምርመራ ካስከለከለ፣ ባለንብረቱ ሁለተኛ ዕቃና ሁለተኛ የእጅ ዋጋ ይከፍላል። በዚህ ረገድ መካከለኛ ዋጋ ያለው፣ ዋስትናው በግልጽ የተጻፈና ለዚያው ሞዴል የተሠራ ዕቃ ለአሮጌ መኪና ሚዛናዊ ምርጫ ሆኖ ይገኛል።

ዕቃው በአገጣጠሙም ሁለት ዓይነት ነው። ለሞዴሉ ተቀርጾ የተሠራው በቀድሞዎቹ ቡሎኖች ላይ ይታሰራል። ለሁሉም ይሆናል ተብሎ የሚሸጠው ደግሞ ተለክቶ በብየዳ ይገጠማል። የኋለኛው በዋጋ ቢቀንስም የብየዳ ሥራው ስለሚጨመር ጠቅላላ ሂሳቡን ማየት ያስፈልጋል። ሌባው ቱቦውን የቆረጠበት ቦታም ወሳኝ ነው። ከመጋጠሚያው ርቆ ከተቆረጠ ከኮንቨርተሩ በተጨማሪ የቱቦ ክፍል፣ ጋስኬትና ቡሎን ይጠይቃል። ሴንሰሮቹ አብረው ተወስደው ወይም ሽቦአቸው ተቆርጦ ከሆነ የእነርሱም ዋጋ ይታከላል። ስለዚህ ከጋራዥ ዋጋ ሲጠየቅ ዕቃው፣ ሴንሰሩ፣ ጋስኬቱና የእጅ ዋጋው ተለይተው እንዲጻፉ ማድረግ ጠቃሚ ነው። የጭስ ማውጫ ሥራ ብቻ የሚሠሩ ትናንሽ ጋራዦች ከመኪናው ወኪል ይልቅ አብዛኛውን ጊዜ በእጅ ዋጋ ይረክሳሉ። ባለንብረቱ ዕቃውን ራሱ ገዝቶ ቢያቀርብ ጋራዡ ለዕቃው ኃላፊነት እንደማይወስድ ግን መታወቅ አለበት።

ወጪ ለመሸሽ ሲባል በኮንቨርተሩ ቦታ ባዶ ቱቦ አስበይዶ መንዳት በፌደራሉ የንጹሕ አየር ሕግ የተከለከለ ነው። የኋለኛውን ሴንሰር ከጭሱ የሚያርቅ ማራዘሚያ አስገብቶ ኮምፒውተሩን ማታለልም እንዲሁ የጭስ መቆጣጠሪያን ማጓደል ነው። ይህን የሚያደርግ ጋራዥ በቅጣት ሊጠየቅ ይችላል፤ ባለንብረቱም በሚቀጥለው ምርመራ ዕቃውን እንደገና መግዛቱ አይቀርም። በዋሽንግተን ዲሲ፣ በሜሪላንድ አብዛኞቹ አውራጃዎችና በሰሜን ቨርጂኒያ የጭስ ምርመራ በሁለት ዓመት አንድ ጊዜ የሚካሄድ በመሆኑ ማምለጫው አጭር ነው።

ምትኩ ከተገጠመ በኋላ ወዲያው ወደ ምርመራ ጣቢያ መሄድ ሌላው የተለመደ ስህተት ነው። መካኒኩ የብልሽት ቁጥሩን ከኮምፒውተሩ ሲያጠፋ የራስ ፍተሻ ውጤቶችም አብረው ይጠፋሉ። ኮምፒውተሩ ፍተሻውን እንደገና እስኪያጠናቅቅ መኪናው ለጥቂት ቀናት በከተማም በአውራ ጎዳናም፣ ከቀዝቃዛ ሞተርም ተነስቶ መነዳት አለበት። ከዚያ በፊት የቀረበ መኪና ምንም ብልሽት ባይኖረውም ዝግጁ አይደለም ተብሎ ይመለሳል።

በታክሲ ሥራ ላይ የተሠማሩ ሰዎች የግብር ጉዳይንም ልብ ሊሉት ይገባል። ወጪያቸውን በትክክለኛው የጥገናና የነዳጅ ሂሳብ የሚያቀርቡ ለንግድ ሥራ በዋለው መጠን የጥገናውን ወጪ መቀነስ ይችላሉ። በማይል የተወሰነውን ተመን የመረጡ ግን ተመኑ ጥገናን ስለሚያጠቃልል ለብቻው ሊያስይዙት አይችሉም።

አዲስ ዕቃ የተገጠመለት መኪና በድጋሚ የሚሰረቅበት አጋጣሚ ጥቂት አይደለም። ሌባው መኪናው የሚያድርበትን ቦታ አንድ ጊዜ አውቆታልና። ከሥር የሚታሰር የአልሙኒየም ወይም የብረት ላሜራ መከላከያ ብዙ ጊዜ ከ150 እስከ 500 ዶላር ይፈጃል፤ ፈጽሞ ባይከለክልም ሥራውን ስለሚያዘገይ ሌባው ወደ ሌላ መኪና እንዲያልፍ ያደርገዋል። ለፕሪየስ ይህን መከላከያ ከምትኩ ጋር በአንድ ጊዜ ማስገጠም የእጅ ዋጋ ይቆጥባል። ርካሽ ምትክ ውስጥ ያለው ማዕድን አነስተኛ ቢሆንም ሌባ ከመቁረጡ በፊት ስለማያውቀው ባለንብረቱን አያድነውም። የሻንሲ ቁጥሩን በኮንቨርተሩ ላይ ማስቀረጽ ደግሞ ዕቃው ከተያዘ ባለቤቱን ለመለየት ይረዳል።

ግዛቶችም ሕጋቸውን አጥብቀዋል። ቨርጂኒያ እ.ኤ.አ ከሐምሌ 2022 ጀምሮ ኮንቨርተር ለመስረቅ መኪናን መጉዳትን ከባድ ወንጀል አድርጋለች። ካሊፎርኒያ እ.ኤ.አ ከ2023 መግቢያ ጀምሮ ማን መሸጥ እንደሚችል ወስና ገዢዎች መዝገብ እንዲይዙ አስገድዳለች። ሚኒሶታም ከመኪና የተነጠለ ኮንቨርተር ያለ ማስረጃ መያዝን እ.ኤ.አ በ2023 ከልክላለች። የዩናይትድ ስቴትስ የፍትሕ መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ በህዳር 2022 በተለያዩ ግዛቶች በተካሄደ ዘመቻ 21 ሰዎች መያዛቸውን ወይም መከሰሳቸውን የገለጸ ሲሆን፣ ከ500 ሚሊዮን ዶላር በላይ የሆነ ሀብት እንዲወረስም ጠይቋል። ከተከሳሾቹ መካከል የተሰረቁ ኮንቨርተሮችን ከየአካባቢው ሰብስበው ማዕድኑን ለማጣሪያ ፋብሪካ ያቀርቡ የነበሩ ነጋዴዎች ይገኙበታል።